ከ«ሲቀርብ» ወደ «ተገኝቶ»፦ በነጥብ ላይ ያለ ቀጣይነት በአማርኛ ሲበየን

1. የችግሩ ቦታ

የሳይንስ ቃላትን ወደ አማርኛ የማምጣት ክርክር በአብዛኛው የስያሜ ክርክር ሆኖ ኖሯል። አንድ ባዕድ ቃል ይቀርባል፤ ከግእዝ ሥር ይውጣለት፣ ከነባሩ አማርኛ ይመረጥለት ወይስ ከነድምፁ ይወሰድ የሚል ሙግት ይነሣል፤ ስያሜው ሲጸድቅም ሥራው እንዳለቀ ይቆጠራል። ይህ ልማድ ለዕቃና ለድርጊት ስሞች ብዙም ላይጎዳ ይችላል። የሒሳብ ብያኔ ግን የሚኖረው በዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው፤ የዓረፍተ ነገሩ ቅደም ተከተል ሲዛባ ስያሜው የቱንም ያህል ቢያምር ብያኔው ሌላ ነገር ይበይናል።

ለዚህ ከሁሉ የጠራው ማሳያ አንድ ፋንክሽን በአንድ ነጥብ ላይ ቀጣይ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ብያኔ ነው። ብያኔው አጭር ነው፤ በውስጡ ግን «ለማንኛውም»፣ «አለ» እና እንደገና «ለማንኛውም» በጥብቅ ቅደም ተከተል ይደረደራሉ። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ብያኔው በተለመደው የአማርኛ የቃላት አደራደር ሲነገር በዓለም ላይ ያለውን ፋንክሽን ሁሉ ቀጣይ የሚያደርግ ንባብ በቀላሉ ይወልዳል። ሁለተኛ፣ መፍትሔው በቋንቋው ውስጥ አለ፤ እርሱም ቦዝ አንቀጽ ነው።

ጉዳዩ ከመጽሐፍ መደርደሪያ ያለፈ ነው። በኢትዮጵያ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ቀጣይነት ለተማሪው የሚደርሰው በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው፤ ማብራሪያው ግን ብዙ ጊዜ በአማርኛ ይነገራል። «ፋንክሽኑ ኮንቲንየስ ነው»፣ «ሊሚቱ ኤግዚስት ያደርጋል»፣ «ወደ ሁለት አፕሮች ሲያደርግ» የሚሉት አነጋገሮች የቃላቱን አመጣጥ ግልጽ ያደርጋሉ። ስሞቹና የግሥ ግንዶቹ የተዋሱ ናቸው፤ «ሲ-»፣ «ከ-»፣ «ሁሉ»፣ «አለ» ግን የአማርኛ ናቸው። የብያኔውን ሎጂክ የሚሸከሙት እነዚህ ትንንሽ ቃላትና ምዕላዶች ስለሆኑ፣ ስያሜው በእንግሊዝኛ ቢቀርም ሸክሙ በአማርኛ ሰዋስው ላይ ያርፋል።

2. ሦስቱ ስያሜዎች

ለጽንሰ ሐሳቡ በቀላሉ የሚታሰቡ ሦስት ቃላት አሉ፤ እነርሱም «ተከታታይ»፣ «ያልተቋረጠ» እና «ቀጣይ» ናቸው። ሦስቱም የየራሳቸውን ምስል ይዘው ይመጣሉ።

«ተከታታይ» በትምህርት ቤት አካባቢ የታወቀ ነው፤ «ተከታታይ ምዘና» እና «ተከታታይ ትምህርት» ይባላል። የቃሉ ምስል የሰልፍ ነው፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይከተለዋል። በእውን ቁጥሮች መካከል ግን ከአንድ ቁጥር ቀጥሎ የሚቆም «ተከታይ» የለም፤ በማናቸውም ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች መካከል ሌላ ቁጥር ይገኛልና። ስለዚህ ቃሉ በተራ ለሚዘረዘሩ ነገሮች ሲስማማ፣ ቀጣይነት የሚጠይቀውን መልክ ግን ይቃረናል።

«ያልተቋረጠ» እስክሪብቶን ከወረቀት ሳያነሡ መሣልን ያስታውሳል። ለመግቢያ ያገለግላል፤ ለመወሰኛ ግን ሁለት ጉድለት አለበት። የመጀመሪያው የቋንቋ ጉድለት ነው፤ መቋረጥ ርዝመት ያለው ነገር የሚደርስበት ሁኔታ ነው። መንገድ፣ ንግግር፣ መብራት ይቋረጣል፤ ነጥብ ግን አይቋረጥም። «በሦስት ላይ ያልተቋረጠ» የሚለው አነጋገር አድማጩን ወደ ነጥቡ ዙሪያ ስለሚወስደው «በነጥብ ላይ» የሚለው ይዘት ይደበዝዛል። ሁለተኛው የሒሳብ ጉድለት ነው። ካርል ዮሐንስ ቶሜ በእ.ኤ.አ. 1875 ያቀረበው ፋንክሽን በሁለት ሙሉ ቁጥሮች ክፍልፋይ ሊጻፉ በማይችሉ ቁጥሮች ሁሉ ላይ ቀጣይ ነው፤ ሊጻፉ በሚችሉት ሁሉ ላይ ግን አይደለም። ይህን ፋንክሽን ማንም እስክሪብቶ አይሥለውም፤ ሆኖም በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያለው ሁኔታ በትክክል ይወሰናል። በተቃራኒው 1 ለመ ሲካፈል የሚሰጠው ፋንክሽን ሥዕሉ በዜሮ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ዋጋ ባለው ቦታ ሁሉ ግን ቀጣይ ነው። በዜሮ ላይ ዋጋ ስለሌለው አንዳንድ መጻሕፍት «በዜሮ ላይ ቀጣይ አይደለም» ሲሉ፣ ሌሎች በዚያ ነጥብ ጥያቄው ራሱ አይነሣም ይላሉ። «ያልተቋረጠ» የሚለው ቃል ይህን ልዩነት ለማየት አያስችልም።

«ቀጣይ» ከ«ቀጠለ» የወጣ ሲሆን «የሚመጣው» የሚል ትርጉምም ስላለው ከአሻሚነት አይድንም። ይሁን እንጂ መጋጠምን የሚያመለክተው የ«ቀጠለ» ሥር ለነጥብ ይቀርባል፤ በነጥቡ ላይ ያለው ዋጋ ከአካባቢው ዋጋ ጋር ይገጥማል ወይስ አይገጥምም የሚለውን ጥያቄ ያስነሣል። በዚህ ጽሑፍ «ቀጣይ» የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ምርጫው ግን ብያኔውን ከሚጠብቀው አደጋ አያድነውም።

3. «ሲ-» የሚደብቀው

በመማሪያ ክፍል የተለመደው መወሰኛ ሦስት ደረጃ አለው። ፋንክሽኑ በነጥቡ ላይ ዋጋ ይኑረው፤ በነጥቡ ላይ ሊሚት ይኑረው፤ ሁለቱ እኩል ይሁኑ። አንደኛውና ሦስተኛው ደረጃ በግልጽ ይታያሉ። ክብደቱ ሁሉ ያለው በሁለተኛው ነው፤ ይህም በአማርኛ «መ ወደ ሀ ሲቀርብ ፈ(መ) ወደ ለ ይቀርባል» ተብሎ ይነገራል። እዚህ ላይ ሀ ነጥቡ፣ መ ተለዋዋጩ፣ ፈ ፋንክሽኑ፣ ለ ደግሞ ሊሚቱ ናቸው።

«ሲ-» የጊዜ ምዕላድ ነው፤ ሁለት ድርጊቶችን በአንድ ጊዜ ያጣምራል። አድማጩ መ ሲጓዝ፣ ፈ(መ)ም አብሮት ሲጓዝ ያያል። በምስሉ ውስጥ ግን ማን አስቀድሞ እንደሚወሰን አይታይም። ትክክለኛው ብያኔ የሚጀምረው ከውጤቱ ነው፤ ዋጋው ከተፈለገው ምን ያህል ቢርቅ ይፈቀዳል ተብሎ ወሰን ይሰጣል፣ ከዚያም ለዚያ ወሰን የሚበቃ የመ አካባቢ ይፈለጋል። «ሲቀርብ» የሚለው አነጋገር ከመ ጀምሮ ወደ ውጤቱ ስለሚሄድ አቅጣጫውን ይገለብጠዋል።

ይህ የአማርኛ ድክመት ብቻ አይደለም። አውጉስተን ልዊ ኮሺ በእ.ኤ.አ. 1821 ባሳተመው የትንተና መጽሐፍ ቀጣይነትን የገለጸው በኢምንት ጭማሪ ቋንቋ ነበር፤ ተለዋዋጩ በኢምንት ሲጨምር ፋንክሽኑም በኢምንት ይለወጣል የሚል ሐሳብ ነው። በርናርድ ቦልዛኖ ከእርሱ 4 ዓመት ቀድሞ፣ በ1817፣ ልዩነቱ ከማንኛውም ከተሰጠ መጠን እንዲያንስ ማድረግ ይቻላል ወደሚል አገላለጽ ተጠግቶ ነበር። ካርል ቫየርሽትራስ በ19ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ በበርሊን በሰጣቸው ትምህርቶች የእንቅስቃሴውን ምስል በአለመተካከል ቋንቋ ተካው። የአውሮፓ ቋንቋዎችም ከ«ሲቀርብ» ለመላቀቅ አሥርተ ዓመታት ወስዶባቸዋል ማለት ነው።

«ሲ-» የሚያስከትለው ብዥታ ከሒሳብ ክፍል ውጭም ዋጋ ያስከፍላል። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ሰንጠረዥ መሠረት እስከ 600 ብር ያለው ወርኃዊ የመቀጠር ገቢ ከግብር ነጻ ነበር፤ ከዚያ በላይ እስከ 1,650 ብር ያለው 10 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 3,200 ብር ያለው 15 በመቶ ይከፈልበት ነበር። «ደመወዙ ከ1,650 ሲያልፍ ግብሩ 15 በመቶ ይሆናል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁለት ፋንክሽኖችን ይገልጻል። ደመወዙ በሙሉ ማለት ከሆነ በ1,650 ላይ 165 ብር የነበረው ግብር ነጥቡ እንደታለፈ ወደ 247 ብር ከ50 ሳንቲም ይዘላል፤ ጥቂት ጭማሪ ያገኘ ሠራተኛም ይከስራል። ከ1,650 በላይ ያለው ትርፍ ብቻ ማለት ከሆነ ዝላይ የለም። የሕጉ ትርጉም ሁለተኛው ነው። በደመወዝ ክፍሎች ይሠራበት የነበረው አቋራጭ ቀመርም ይህን ያሳያል፤ የደመወዙ 10 በመቶ ሲቀነስ 60 በ1,650 ላይ 105 ብር ይሰጣል፤ 15 በመቶ ሲቀነስ 142.50ም እዚያው 105 ብር ይሰጣል። ተቀናሾቹ 60 እና 142.50 የተገኙት ግብሩን በድንበሮቹ ላይ ቀጣይ ከማድረግ ነው። ተመኑ ይዘላል፣ ግብሩ ግን አይዘልም። ዓረፍተ ነገሩ ግን ሁለቱን አይለይም።

4. ከስሙ የሚቀድመው ሐረግ

የእንቅስቃሴው ምስል ተትቶ ብያኔው በሙሉ ሲጻፍ ሌላ ችግር ይመጣል። ለዋጋው የተፈቀደው ወሰን ኤፕሲሎን፣ ለመ የሚበቃው ርቀት ደግሞ ዴልታ ይባል። በአማርኛ ገላጭ ጥገኛ ሐረግ ከሚገልጸው ስም ይቀድማል፤ «አለ» ደግሞ በመጨረሻ ይቀመጣል። ስለዚህ ብያኔው በደንቡ ሲጻፍ የሚከተለውን ይመስላል፤

(1) ለማንኛውም አዎንታዊ ኤፕሲሎን፣ ከሀ ከዴልታ ባነሰ ርቀት ባለ መ ሁሉ ላይ የፈ(መ) ከፈ(ሀ) ርቀት ከኤፕሲሎን የሚያንስበት አዎንታዊ ዴልታ አለ።

ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስውም በሎጂክም ትክክል ሊባል ይችላል። ነገር ግን «ዴልታ» ከመተዋወቁ በፊት ሁለት መስመር ያህል በሥራ ላይ ይውላል። አንባቢው ያልተዋወቀውን ስም ይዞ እስከ ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይጓዛል። ተናጋሪ ይህን ሸክም ሲያቀልል የሚያደርገው ተፈጥሯዊ ነገር «ለ-» ያለበትን ሐረግ ወደ ፊት ማውጣት ነው፤

(2) ለማንኛውም አዎንታዊ ኤፕሲሎንና ለማንኛውም መ፣ የመ ከሀ ርቀት ከዴልታ ካነሰ የፈ(መ) ከፈ(ሀ) ርቀት ከኤፕሲሎን እንዲያንስ የሚያደርግ አዎንታዊ ዴልታ አለ።

(2) ለጆሮ ይጥማል፤ ብያኔው ግን ፈርሷል። አሁን ዴልታ የሚመረጠው መ ከታወቀ በኋላ ነው። ከዜሮ በታች ዋጋው 0፣ ከዜሮ ጀምሮ ወደ ላይ ዋጋው 1 የሆነ ፋንክሽን ይወሰድና በዜሮ ላይ ይመርመር። ኤፕሲሎን ግማሽ ይሁን። በትክክለኛው ብያኔ ዴልታ የቱንም ያህል ቢጠብ ከዜሮ በስተግራ በዚያ ርቀት ውስጥ ያለ ቁጥር ይገኛል፤ ዋጋውም ከ1 በ1 ይርቃል፤ ስለዚህ ፋንክሽኑ ቀጣይ አይደለም። በ(2) ግን ጠያቂው አስቀድሞ መን ይናገራል፤ −0.01 ቢል መላሹ 0.005ን ዴልታ አድርጎ ይመርጣል። የመ ርቀት ከዴልታ ስለማያንስ ሁኔታው አልተሟላም፤ ሊጣስ የሚችል ነገርም የለም። መ ከሀ የተለየ እስከሆነ ድረስ መላሹ ሁልጊዜ ከርቀቱ ያነሰ ዴልታ መምረጥ ይችላል፤ መ ራሱ ሀ ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ዜሮ ነው። በ(2) መሠረት ቀጣይ ያልሆነ ፋንክሽን የለም።

የሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ቃላት ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው። ስያሜ መራጩ ኮሚቴ ሁለቱንም ቢመለከት የሚያርመው ቃል አያገኝም። ስሕተቱ ያለው በሥልጣን ክልል ነው፤ ማለትም የትኛው የብዛት አመልካች የትኛውን ይገዛል በሚለው ላይ ነው።

የአካባቢው ቋንቋዎች ሲነጻጸሩ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠራል። ትግርኛ ገላጭ ሐረጉን እንደ አማርኛ ከስሙ ስለሚያስቀድም ያው አደጋ አለበት። ኦሮምኛና ሶማልኛ ግሣቸውን በመጨረሻ ቢያደርጉም ገላጭ ሐረጉን ከስሙ በኋላ ያስቀምጣሉ፤ ስዋሂሊም እንዲሁ። በእነዚህ ቋንቋዎች ዴልታ አስቀድሞ ሊጠራ፣ ሁኔታው በኋላ ሊከተለው ይችላል። ግእዝም «ብእሲ ዘመጽአ» እንደሚል አብዛኛውን ጊዜ ስሙን ያስቀድማል። እንግዲህ ከግእዝ ቃል ብቻ መበደር የለመደው የአማርኛ ስያሜ ሥራ፣ በዚህ ስፍራ ይበልጥ የሚጠቅመውን የግእዝን አደራደር ሳያስተውል አልፏል።

5. ቦዝ አንቀጽ

አማርኛ ግን የግእዝን አደራደር መኮረጅ አያስፈልገውም። ቦዝ አንቀጹ ቅደም ተከተልን ይሸከማል፤ «መጥቶ በላ» ሲባል መምጣቱ ይቀድማል። ሁለት ባለቤቶችንም ያስተናግዳል፤ «ዝናቡ አባርቶ ልጆቹ ወጡ» ይባላል። ስለዚህ፤

(3) ለማንኛውም አዎንታዊ ኤፕሲሎን አንድ አዎንታዊ ዴልታ ተገኝቶ፣ ከሀ ያለው ርቀት ከዴልታ በሚያንስ መ ሁሉ ላይ የፈ(መ) ከፈ(ሀ) ርቀት ከኤፕሲሎን ያንሳል።

በ(3) ዴልታ የሚተዋወቀው ከኤፕሲሎን በኋላና ከመ በፊት ነው። የመስመሩ ቅደም ተከተልና የሥልጣኑ ቅደም ተከተል አንድ ይሆናሉ። የጃፓንኛ ሒሳብ ጸሐፊዎችም በተመሳሳይ መንገድ ሄደዋል፤ ጃፓንኛ እንደ አማርኛ ገላጩን ከስሙ የሚያስቀድም፣ ግሡን በመጨረሻ የሚያደርግ ቋንቋ ሲሆን፣ በመማሪያ መጻሕፍቱ ይህ ብያኔ የሚጻፈው «ኖሮ» ወይም «ተገኝቶ» ከሚለው ጋር በሚመሳሰል አያያዥ የግሥ ቅርጽ ነው። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ቋንቋዎች አንድ ዓይነት አደራደር ስላላቸው አንድ ዓይነት መውጫ ይጋራሉ።

የዚህ ቅርጽ ጥቅም በሌላ ቦታም ይፈተናል። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ቀጣይ መሆንና ወጥ ቀጣይነት የሚለያዩት በቅደም ተከተል ብቻ ነው። «ለማንኛውም ሀ» ከ«ተገኝቶ» በፊት ከገባ ዴልታ ከነጥብ ነጥብ ሊለያይ ይችላል፤ በኋላ ከገባ ግን አንድ ዴልታ ለነጥቦች ሁሉ መብቃት አለበት። ቁጥርን በራሱ የሚያባዛው ፋንክሽን ይታይ፤ ኤፕሲሎን 0.1 ይሁን። በ3 ላይ 1/70 የሆነ ዴልታ ይበቃል፤ በ100 ላይ 1/70 አይበቃም፣ 1/2010 ግን ይበቃል። ነጥቡ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዴልታ መጥበብ ስላለበት ለሁሉም የሚሆን አንድ ዴልታ የለም። በቦዝ አንቀጽ የተጻፈው ብያኔ ይህን ልዩነት አንድ ሐረግ ከቦታው በማዛወር ብቻ ይገልጻል።

ቅደም ተከተሉ ተራ ጉዳይ እንዳልሆነ የሒሳብ ታሪክም ይመሰክራል። ኮሺ በዚያው በ1821 መጽሐፉ የቀጣይ ፋንክሽኖች ተሰብሳቢ ዝርዝር ድምሩም ቀጣይ ነው ብሎ ነበር፤ ኒልስ አቤል በ1826 ይህ የማይሠራበት ምሳሌ እንዳለ አመለከተ። ኋላ ችግሩን የፈታው የወጥ ተሰብሳቢነት ጽንሰ ሐሳብ ነው፤ እርሱም የሚለየው «ለማንኛውም ነጥብ» የሚለው በሚገባበት ቦታ ነው።

ቦዝ አንቀጹ እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። የራሱ የማስረገጥ ኃይል ስለሌለው ከዋናው ግሥ ይዋሳል። ስለዚህ (3)ን ለማፍረስ «ያንሳል»ን በ«አያንስም» መተካት አይበቃም፤ አሉታው «ተገኝቶ»ን ይጨምር አይጨምር አይታወቅምና። ቀጣይ አለመሆን ራሱን ችሎ መጻፍ አለበት፤

(4) አንድ አዎንታዊ ኤፕሲሎን ተገኝቶ፣ ለማንኛውም አዎንታዊ ዴልታ፣ ከሀ ያለው ርቀት ከዴልታ ያነሰ፣ የፈ(መ) ከፈ(ሀ) ርቀት ግን ከኤፕሲሎን የማያንስ መ ይገኛል።

በ(4) ገላጩ ሐረግ እንደገና ከስሙ ቀድሟል፤ ሆኖም መ የመጨረሻው ተመራጭ ስለሆነ ከእርሱ በኋላ የሚገዛው ነገር የለም፤ ጉዳትም አያመጣም። ደንቡ እንግዲህ ይህ ነው፤ ከኋላው ሌላ የብዛት አመልካች የሚጠብቀው ስም በቦዝ አንቀጽ ይተዋወቅ፤ የመጨረሻው ስም ገላጩን ከፊቱ ቢያስቀድም አይከፋም።

6. ለሥራው የሚያስከትለው

ይህን ቅደም ተከተል ለማስተማር አማርኛ የራሱ የክርክር ባህልም አለው። በ«በላ ልበልሃ» እና በ«ተጠየቅ» ሙግት ተራ ይጠበቃል፤ ጠያቂው ሳይጠይቅ መላሹ አይመልስም፤ ምላሹም በተጠየቀው ልክ ነው። የቀጣይነት ፈተና ይህንኑ ሥርዓት ይከተላል። ጠያቂው ኤፕሲሎንን ያስቀምጣል፤ መላሹ ዴልታን ይሰጣል፤ ጠያቂው በዴልታ ውስጥ መን መርጦ ይሞክረዋል። (2) ይህን ሥርዓት የሚጥሰው ጠያቂውን ሁለቴ በተከታታይ አስጠይቆ መላሹን በመጨረሻ ስለሚያስቀምጠው ነው፤ ሙሉ ጥያቄውን አስቀድሞ የሰማ መላሽ አይረታም።

የዚህ ሂስ ተግባራዊ ውጤት የሳይንስ መዝገበ ቃላት አዘገጃጀትን ይመለከታል። ለእያንዳንዱ ስያሜ አቻ ቃል ብቻ መስጠት «ቀጣይ» የሚለውን ለአንባቢ አስረክቦ የብያኔውን አደራደር ለዕድል መተው ነው። ከስያሜው ጎን የብያኔው ሙሉ ዓረፍተ ነገርና የአሉታው ዓረፍተ ነገር ቢቀመጡ፣ ሁለቱም ቀጣይ በሆነና ባልሆነ ምሳሌ ቢፈተኑ፣ እንደ (2) ያለው ዓረፍተ ነገር በ0 እና በ1 ብቻ በሚዘል ፋንክሽን በደቂቃ ውስጥ ይጋለጣል። የሥነ ልሳን ባለሙያው ድርሻም እዚህ ላይ ነው፤ የሒሳብ ባለሙያው ሎጂኩን ያውቃል፣ ቋንቋው ሎጂኩን በየትኛው ምዕላድ እንደሚሸከምና በየትኛው እንደሚጥል ለይቶ የሚያሳየው ግን የሥነ ልሳን ባለሙያው ነው። አማርኛ ይህን ብያኔ ለመሸከም የጎደለው ቃል የለም፤ «ተገኝቶ» በቦታው መግባቱ ብቻ ይጠበቃል።